በ16 ዓመቴ ጅማ ውስጥ እንስሳት በሚሸጥበት ሱቅ ልቀጠር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ተማሪ ከጅማ

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ዕድሜዬ 16 ሲሆን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትምህርቴ የጠዋት ፈረቃ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በሥራ ላሳልፈው አስቤአለሁ። በመርካቶ በኩል የአንድ ቀን ጫጩት፣ ጥንቸልና ርግብ፣ አልፎ አልፎም የውሻ ቡችላ የሚሸጥበት፣ መኖና የእንስሳት መድኃኒትም አብሮ የያዘ ሱቅ አለ፤ ልቀጠርበት የምፈልገውም እሱ ነው። ቤታችን ዶሮ ስለምናረባ ቆጥ መጥረግና መኖ መስጠት አዲስ አይሆንብኝም። ይሁን እንጂ እናቴ «ልጅ መቅጠር በሕግ ክልክል ነው፤ ሰውየውን ጣጣ ውስጥ ትከተዋለህ» ትለኛለች፤ አባቴ ደግሞ ውሻ ይነክስሃል ብሎ ይሰጋል። ሕጉ በትክክል ምን ይላል? የሥራ ልምድ ማስረጃ የሌለው ልጅስ ባለቤቱን ምን ብሎ ይጠይቃል?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ወንድሜ፣ የእናትህ ሥጋት ከመሬት የተነሣ ባይሆንም አንተን የሚመለከት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መቅጠርን የሚከለክለው ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ነው። 15 ዓመት የሞላውና 18 ያልሞላው ሰው በአዋጁ «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ መቀጠር ይችላል፣ ነገር ግን ጤናውንና ደኅንነቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ሊሰጠው አይገባም። የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው የሌሊት ሥራ፣ እንዲሁም በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል መሥራት ለወጣት ሠራተኛ የተከለከሉ ናቸው። በፋሲካም ሆነ በአረፋ ዋዜማ ገበያው ሲደራ ልትሠራ ትችላለህ፤ በዕለቱ ግን ና ሊልህ አይችልም።

ውሉ በቃል ቢሆንም ይጸናል። ሆኖም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘና የተፈረመ ወረቀት ሊሰጥህ ይገባል። ብዙ ባለ ሱቆች ይህን ስለማያውቁት፣ በክስ መልክ ሳይሆን በትሕትና ማስታወሱ ይበጃል።

መልስ፦ በእንዲህ ያለ ሱቅ ተቀጥራ የሠራች

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርህ፤ ከውጭ እንደሚታየው እንስሳ ማጫወት አይደለም። ከሥራው የሚበዛው ኩስ መጥረግ፣ የረጠበ ሰጋቱራ አውጥቶ በደረቅ መተካት፣ የውኃ ዕቃዎችን ማጠብና ኩንታል መኖ መፍታት ነው። በተለይ ክረምት ሲገባ፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ይታወቃል፣ ሰጋቱራው ሳይደርቅ ከዋለ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይነሣና ጫጩቶቹ ደም የቀላቀለ ኩስ መጣል ይጀምራሉ። ልምድ ያለው ባለቤት ልጅ ሲቀጥር ይህን ሳይሰለች የሚያደርግ መሆኑን ነው የሚያየው።

ሥራውን የምትማረው ጫጩት በሚገባበት ቀን ነው። ቀዳዳ ባለው ካርቶን፣ በአራት ክፍል ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆነው ይመጣሉ። ወዲያው መኖ አይሰጣቸውም፤ መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ይቀርብላቸዋል፤ የደከመ ካለ መንቆሩን በቀስታ ውኃው ላይ ነከር ታደርግለታለህ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋሉ። ቴርሞሜትር ባይኖርም አቀማመጣቸው ይነግርሃል፦ አምፖሉ ሥር ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ዳር ይዘው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ደግሞ ሞቋቸዋል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ይገባላቸዋል፤ ያን ጊዜ በሩን ጥርቅም አድርገህ እንዳትዘጋ፣ የከሰል ጭስ አንተንም ጫጩቱንም ይጨርሳልና።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ልጄ፣ የአባትህን ሥጋት በቀላሉ አትመልከተው። ቡችላ ትንሽ ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታ አያስተላልፍም ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ከነከሰህ ወይም በጥፍሩ ቧጥጦ ካደማህ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠበው፤ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ተቋም ሂድ። በርበሬ መነስነስም ሆነ የባህል መድኃኒት መጠበቅ አያዋጣም፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም። ቡችሎቹ መከተባቸውን ባለቤቱን ገና ሳትጀምር ጠይቀው፤ ጥያቄው የሚያስቆጣው ከሆነ እዚያ ባትቀጠር እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ መድኃኒቱ ነው። ደንበኛ ይመጣና «ዶሮዬ አንገቷ ተጣሞ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንድ ነገር ስጠኝ» ይልሃል። ይህ የፈንግል ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ፈንግል ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ መከላከያው አስቀድሞ መከተብ ነው። አንተ ግን ምርመራውም መድኃኒት መስጠቱም ሥራህ አይደለም፤ ባለቤቱ በሌለበት እንኳ «ባለሙያው ሲመጣ ይመለሱ» ማለት አለብህ። ልትረዳ የምትችለው በማቀዝቀዣው ነው፦ ከቢሾፍቱ የሚመጣው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት ስላለበት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በሩ እንዳይከፈት መጠበቅና ሰዓቱን መመዝገብ ይገባል። ከተማችን የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ሙያው ከሳበህ መንገዱ ሩቅ አይደለም።

መልስ፦ ባለ ሱቅ

አጠያየቁን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ። በገበያ ቀን ጠዋት አትሂድ፤ ሰውየው ቀና ብሎም አያይህም። ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ ከወላጅህ ጋር ሂድ። «እንስሳ እወዳለሁ» የሚል ልጅ በየሳምንቱ ይመጣል፤ «ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት መሥራት እችላለሁ፣ ቆጥ አጸዳለሁ፣ በፈተና ሳምንት ግን አልገባም» ብሎ የሚመጣ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። የፈተናውን ነገር ከወዲሁ ማንሣትህ አያስነቅፍህም፤ እኔ በበኩሌ ድንገት ከሚቀር ልጅ ይልቅ ቀድሞ የሚነግረኝን እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእናቴ ጋር ሄደን ባለቤቱን አነጋግረነዋል፤ ቡችሎቹ መከተባቸውንም የክትባት ካርዳቸውን አውጥቶ አሳይቶናል። ሊቀጥረኝ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ከደመወዙ ግማሹን በጫጩት ልክፈልህ ይላል። ጫጩቱን ቤት አሳድጌ ልሸጠው ስለምችል አልጠላሁትም፤ ተገቢ ነው?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ደመወዝ በመሠረቱ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው። በዓይነት መክፈል የሚቻለው ሁለታችሁም ስትስማሙ ሲሆን፣ ዋጋውም በአካባቢው ካለው የገበያ ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ በማናቸውም ሁኔታ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ 30 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ግማሹን በጫጩት የሚለው አይሄድም። ገንዘቡን በሙሉ ተቀበልና ጫጩት ካስፈለገህ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ግዛ፤ ከገዛህም ክትባታቸውን የጀመሩትን ምረጥ።