ብቻዬን ስጓዝ ጎጃም ውስጥ የሚቀርቡኝን ልጆች እንዴት ላስተናግዳቸው?

ጥያቄ፦ መንገደኛዋ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ብቻዬን መጓዝ የምወድ ሴት ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ወቅት፣ ከባሕር ዳር ተነሥቼ ጢስ ዓባይንና ሰከላን አይቻለሁ፤ ሁኔታው ሲፈቅድም ተመልሼ ለመሄድ አስባለሁ። የምጠይቀው ስለ መኝታ ወይም ስለ ትራንስፖርት ሳይሆን በየደረስኩበት ስለተቀበሉኝ ልጆች ነው።

ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሲሄድ ጨዋታው እርስ በርስ ስለሚሆን ልጆች ራቅ ብለው ይከተላሉ፤ ብቻውን የሚሄደውን ግን ወዲያው ይለምዱታል። ጢስ ዓባይ ላይ ከመኪና ወርጄ ወደ አላታ ድልድይ ሳቀና ነጠላና ትንንሽ ቅል የያዙ ልጆች ከበቡኝ። አንዲቱ መሸጡን ትታ እስከ ፏፏቴው አብራኝ ሄደች። መንገዱ ድጥ ስለነበረ ቀድማ እየወረደች የምረግጠውን ድንጋይ በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ ታሳየኝ ነበር። «ትምህርት የለሽም?» ብላት «የእኛ ፈረቃ ከሰዓት ነው» አለችኝ። ስንለያይ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ዓይን ዓይኔን ብቻ ታየኝ ነበር።

ሰከላ ላይ የገጠመኝ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭ ስወርድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀረበኝና «እትዬ፣ እህል ቀምሰዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ጠበሉ የሚቀርብ ሰው እህል ሳይቀምስ መሆን እንዳለበት ያስረዳኝ እሱ ነው። ከውሻ ጠብቆ እስከ መንገዱ ሸኘኝ፤ ብር ስዘረጋለት ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «እናቴ ቡና አፍልታለች፣ ይግቡ» አለኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ አልገባሁም።

እንግዲህ የአካባቢውን ተወላጆች የምጠይቀው ይህን ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ገንዘብ መስጠት ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል? እስክሪብቶና ደብተር ይዞ መሄድስ እንዴት ይታያል? ፎቶ ማንሣትንስ በተመለከተ ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ የጢስ ዓባይ ልጅ

እህታችን፣ እኔ ያደግሁት እዚያው ነው። ልጅነቴ ነጠላ ተሸክሜ እንግዳ ስከተል ስላለፈ ከሻጮቹ ወገን ሆኜ ልመልስልዎ። በመጀመሪያ ልጆቹ የያዙት ዕቃ የራሳቸው አይደለም። ጥጡን እናት ወይም አክስት ፈትላ፣ ሸማኔ ሠርቶት፣ ልጁ ያዞረዋል፤ ማታም የተሸጠውንና የተረፈውን ቆጥሮ ያስረክባል። እንግዳው ሳይገዛ ብር ብቻ ሲሰጠው ግን ያ ብር አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይደርስም፤ ወይ ትልልቆቹ ይቀሙታል፣ ወይ መንገድ ላይ ያልቃል፤ በማግሥቱም ነጠላ መሸከሙ ትርፍ ድካም ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ የሚፈልጉት ዕቃ ካለ ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ዋጋውን ከፍለው ይግዙ።

እንግዳ የማያስተውለው አንድ ነገር ደግሞ ወቅቱ ነው። ፏፏቴው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሲሆን፣ በተለይ በ1990ዎቹ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ በበጋ የሚወርደው ውኃ በጣም ያነሰ ነው። እንግዳ የሚበዛው እንግዲህ ልክ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። ደብተር መግዣው የሚገኘው በዚያ ሰሞን ነው፣ ልጁ ከክፍል የሚቀረውም በዚያ ሰሞን ነው። እኔ ሁለቱንም ስላየሁት በጭፍኑ «አትግዙ» ለሚለው ምክር አልስማማም። የጠዋት ፈረቃ የሆነውን ልጅ በጠዋት ካገኙት ግን «ከሰዓት እገዛሃለሁ» ብለው ቃልዎን ይጠብቁ።

ድጡን ያሻገረችዎት ልጅ ሥራ ሠርታለችና ባዶ እጇን ትመለስ አልልም። ነገር ግን በጓደኞቿ ፊት ብር ቢሰጧት ማታ ጠቡ የሚተርፈው ለእሷ ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ እናቷን ሳታሳይዎት አትቀርም። የሚሰጡትን ለእናትዬው ይስጡ፣ ልጅቱም እያየች ይሁን።

መልስ፦ የረጅም መንገድ ሾፌር

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል የምመላለስ ሾፌር ስለሆንሁ ስለ አስፋልቱ ብቻ ልናገር። የዓባይን በረሃ ወጥተን ደጀንን ካለፍን በኋላ በየመንደሩ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ባዶው የውኃ ፕላስቲክ ለእነሱ ብዙ አገልግሎት አለው፤ ውኃ ይዘውበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እናቶችም ዘይት ይቀዱበታል። ተሳፋሪው ደግ ሥራ የሠራ መስሎት በመስኮት ይወረውርላቸዋል። ፕላስቲኩ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይዞት አስፋልቱ መሃል ያርፋል፤ ልጁም ዓይኑን እሱ ላይ ተክሎ ይገባል እንጂ ከኋላዬ እየከነፈ የሚመጣውን አይሱዙ አያይም። በመስታወት እሱን ማየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚያውቀው ሾፌር ነው። እባካችሁ ከሚሄድ መኪና ምንም ነገር አትወርውሩ፤ ከረሜላም ቢሆን። ለቁርስ በምንቆምበት ቦታ ወርዳችሁ በእጃቸው ስጧቸው።

መልስ፦ መምህር ከምዕራብ ጎጃም

ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ፤ እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። መንገድ ላይ የሚታደል እስክሪብቶ ክፍል ውስጥ አይገባም። ፈጥኖ የሮጠው አምስት ይይዛል፣ ታናሽ እህቱን አዝላ የቆመችው አንድም አታገኝም፤ የተረፈውም ሱቅ ተመልሶ ይሸጣል። ደብተርና እስክሪብቶ መስጠት ከፈለጉ በደርዘን ገዝተው ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረት ያስረክቡ፣ የገቢ ደረሰኝም ይቀበሉ። ማን ደብተር እንደሌለው የምናውቀው እኛ ነን። ሰው የማያስበው ግን ለሴት ተማሪዎቻችን ትልቅ ነገር የሆነው የንጽሕና መጠበቂያና ሳሙና ነው፤ እሱ ባለመኖሩ በየወሩ ከክፍል የሚቀሩ አሉ።

ከጢስ ዓባዩ ወንድማችን የምለየው በአንድ ነገር ነው። ለቤተሰብ መላላክና ከብት መጠበቅ እኛም ያደግንበት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉ ሲታጨድ ክፍሌ ውስጥ ተማሪ እንደሚያንስ አውቃለሁ። እንግዳን ተከትሎ መዋል ግን ከዚያ ይለያል፤ ልጁ ከማያውቀው ሰው ጋር፣ ቤተሰቡ በማያየው ቦታ ይውላልና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ የሚጠብቀው በከንቱ አይደለም። ሁሉም እንግዳ እንደ እርስዎ ቅን አይደለምና «ከማያውቁት ሰው ጋር አትሂዱ» እያልን በምናስተምራቸው ጊዜ እርስዎም ቢያግዙን ደስ ይለናል። ሰው ወዳለበት ቦታ ይምሯቸው፣ ለብቻ ይዘዋቸው አይሂዱ።

አሁን ለሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አሳስባለሁ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በሥራ ቀን ሜዳ ላይ ያገኙትን ልጅ «ለምን ትምህርት ቤት አልሄድህም?» ብለው አይጠይቁት፤ ጥፋተኛው እሱ ይመስለዋል። «እስከ ስንተኛ ደርሰሃል?» ቢሉት ግን ፊቱ ይፈታል፤ የሚያነብልዎት ነገር ቢሰጡትም ደስ ብሎት ያነባል።

ስለ ፎቶው፣ ልጅ «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይሆንም፤ ወላጁን ያስፈቅዱ። ቢፈቀድልዎም እንኳ የተቀደደ ልብሱንና ባዶ እግሩን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አያውጡበት። ያ ልጅ ነገ አድጎ ስልክ ይይዛል፣ ያየዋልም።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰከላው ልጅ ነገር ግን አልወጣልኝም። ቡናውን መጠጣት ነበረብኝ? ቢሆንስ ባዶ እጅ መግባት አያሳፍርም?

መልስ፦ የሰከላ እናት

ልጄ፣ ያስከፋሽው ሰው የለም፤ መኪና እንደሚያመልጥ እኛም እናውቃለን። ልጁ ብሩን ያልተቀበለው እንግዳ ሸኝቶ ብር ይዞ ቢገባ እናቱ ስለምትቆጣው ነው። «ከየት አመጣኸው?» ትለዋለች፣ መልሳም ትልከዋለች። ሌላ ጊዜ ስትመጪ ግቢና አረፍ በይ። ባዶ እጅ መግባት ነውር አይደለም፤ ካሳሰበሽ ግን ከከተማ ስትነሺ ጥቂት ቡናና ስኳር ቋጥረሽ ያዢ። ስትሰጪም «ለቡናው ነው» አትበይ፣ ዋጋ የከፈልሽ ይመስላልና፤ ስትነሺ ከመደቡ ላይ አስቀምጠሽ ውጪ። ልጁ በሥርዓት እንደመራሽ፣ ከውሻ እንደጠበቀሽ እሱ ቆሞ እየሰማ ለእናቱ ንገሪያት። አባቱም ካለ እሱም ይስማ።

መልስ፦ የቀድሞ የቆሎ ተማሪ

ውይይቱ ሁሉ መልካም ነው፤ የቆሎ ተማሪዎችን ግን ማንም አላነሣቸውምና ልጨምር። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅና ወደ ዲማ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ሳይቀር ልጆች ይመጣሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚልን ልጅ ካገኙ ቀደም ሲል ከተነገሩት ልጆች ጋር አይደምሩት። እሱ የሚለምነው ስለ ትምህርቱ ነው፤ የሰበሰበውን ቁራሽ ወደ ጎጆው ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር ይቆርሰዋል፣ ታምሞ የተኛ ካለም ከዚያው ይደርሰዋል። የያዙትን እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ ይስጡት። ከሌለዎት «እግዜር ይስጥልኝ» ይበሉት፤ ሳይቀየም ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። ስለ ደበሎው ብለው ፎቶ አያንሡት።

ከዚያ በላይ መርዳት ከፈለጉ ወደ ጉባኤ ቤቱ ይሂዱና የኔታን እጅ ነሥተው ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ። በእኔ ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረን ብርድና ጨለማ ነበር፤ ትምህርቱን የምናጠናው ሌሊት ሲሆን ብርሃናችን ከጭራሮ የሚወጣው ነበልባል ብቻ ነበር። ዛሬ በፀሐይ የሚሠራ መብራትና ብርድ ልብስ ለየኔታ ቢያስረክቡ፣ ለየትኛው ጎጆ እንደሚደርስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።