ቡአ ኦፕራሲዮን ሆኜ ጠያቂዎቼ በሳቅ ሊጨርሱኝ ነው፤ ስፌቱ አይፈታም ወይ?

በርጩማ ሠሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት። ሥራዬ በርጩማ ነው፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የሚፈለፈለው፣ ባለ ሦስት እግሩ። ከሁለት ወር በፊት ግንድ ብቻዬን ላነሳ ስል ብሽሽቴ ላይ የሆነ ነገር ወጣ። ቡአ ነው ተባልኩ። ባለፈው ሐሙስ ኦፕራሲዮን ሆንኩ።

ሕክምናው ደህና ነው። ችግሬ ጠያቂዎቼ ናቸው። እኛ ሰፈር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፣ ታውቁታላችሁ። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይመጣል፣ ወሬው ይደራል። ከትናንት ወዲያ የእድራችን ሰብሳቢ መጡ። ጋሼ ኮስታራ ናቸው፣ ጥርሳቸውን አይተን አናውቅም። "እግዚአብሔር ይማርህ" ብለው እኔው በሠራሁት በርጩማ ላይ ቁጭ ሲሉ አንዱ እግር ቀጭ! (እንጨቱ ሳይደርቅ ቸኩዬ የሠራሁት ነው፤ ለቤት ነው ብዬ።) ጋሼ መሬት ላይ ናቸው። ስኒው ግን እጃቸው ላይ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ጠብታ ቡና አልፈሰሰም። ቀና ብለው አዩኝና "ይሄንን ለሰውም ትሸጣለህ?" አሉኝ።

ሳቅኩ ከምል አለቀስኩ ብል ይሻላል። ስፌቱ በቢላ የተከፈተ መሰለኝ። ሚስቴ "ሳቅ መድኃኒት ነው" ትላለች። እናቴ በር ላይ ቆማ ሰው መመለስ ጀምራለች። የማንን ልስማ?

የማታ ተረኛ፦
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ስትስቅ፣ ስታስልና ስታስነጥስ የሆድህ ግፊት ይጨምራል፤ የሚያምህ ለዚያ ነው። ስፌቱ ግን በአንድ ሳቅ በቀላሉ አይለቅም። ትንሽ ትራስ ከአጠገብህ አትጣ። ሳቁ ሲመጣብህ ቁስሉ ላይ አድርገህ በሁለት እጅህ ጫን በለው። ለሳልም እንደዚያው።

እኔ ከሳቁ ይልቅ የምፈራልህ ሽንት ቤት ማማጡን ነው። ውሃ ጠጣ፣ ጎመንና ፍራፍሬ ብላ። ቁስሉ ካበጠ፣ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣብህ ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ተመለስ። ግንዱንም ሐኪምህ ሳይፈቅድልህ እንዳትነካ።

የኮቺ ልጅ፦
ሚስትህ ከሜዳ ተነስታ አይደለም። የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሰዎች ተሰብስበው ኮሜዲ እያዩ ከሳቁ በኋላ ሕመም የመቻል አቅማቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ከሆድ ሲሳቅ ሰውነት ኢንዶርፊን የሚባል፣ ሕመም የሚያስታግስ ንጥረ ነገር ይለቃል ነው የሚሉት። ብቻ እነሱ የተፈተኑት ክንዳቸው ላይ በረዶ የመሰለ ነገር ታስሮ ነው፤ የአንተ ዓይነት ትኩስ ስፌት ላይ አይደለም 😄

የእኛው በላቸው ግርማ እ.ኤ.አ. በ2008 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ስቆ የዓለም ሪከርድ ይዟል። አንተ እሱን አሁን አትሞክረው።

"መድኃኒት ነው" የሚለው ግን ሲበዛ ያናድደኛል። አባቴ የደም ግፊት ኪኒኑን ትቶ "እኔ ሳቂታ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል" ይል ነበር። አንድ ሌሊት በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል አደረስነው። አሁን ኪኒኑንም ይውጣል፣ ይስቃልም።

እትዬ፦
ልጄ፣ እናትህን አትቀየማት። ወልዳ ያሳደገችውን ሲያለቅስ አይታ ምን ታድርግ። ሰው ይግባ፣ ግን ሁለት ሁለት እየሆነ። በረካው ሳይጠጣም ይነሳ፤ ለታማሚ አቦልና ቶና ይበቃል።

በርጩማ ሠሪው፦
እናመሰግናለን። ነርሷ፣ ትራሱ ሠርቷል። ዛሬ ተፈትኗል፤ ጋሼ ድጋሚ መጥተው ነበር። የራሳቸውን የፕላስቲክ ወንበር ይዘው።