ከመጠጥ ከራቀ 5 ሳምንት ሞላው፤ ድብርቱ ግን አልለቀቀውም

በተጠናከረ የተመላላሽ ሕክምና ላይ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ። ታካሚው በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት ይመጣል። የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሰውን ናልትሬክሶን 50 ሚሊግራም በየቀኑ ይወስዳል፤ የጉበት ምርመራው ደህና ነው፣ የሽንቱም ውጤት አልኮል አላሳየም።

የቸገረኝ ድብርቱ ነው። አልኮል ያመጣው ድብርት ብዙውን ጊዜ መጠጥ ከቆመ በኋላ በ4 ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ስለሚሄድ፣ የድብርት መድኃኒት ሳንጀምር ጠበቅን። ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መለኪያ (ቁጥሩ ሲጨምር ድብርቱ ይከፋል) ሕክምናውን ሲጀምር ከ27 ውጤቱ 19 ነበር፤ አሁንም 17 ነው። ይባስ ብሎ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው 9ኛው ጥያቄ ከ0 ወደ 1 ወጥቷል። በቀጥታ ጠየቅነው፤ እቅድም ዝግጅትም የለውም። የደኅንነት እቅድ አብረነው ጽፈናል። በቡድን ውይይቱ ሦስተኛ ሰዓት ላይ ግን ወንበሩን ወደ በሩ ያስጠጋል፣ ጃኬቱንም ሳያወልቅ ይቀመጣል። ታካሚ ከሕክምናው መጥፋት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሐኪሙ ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት በ50 ሚሊግራም ሊጀምርለት አስቧል። ባይፖላር (ስሜት ከድብርት ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚቀያየርበት ሕመም) እንዳይሆን ያለፈ ታሪኩን አጣርተናል፤ ምልክት አላገኘንም። መድኃኒቱ በደንብ እስኪሠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ክፍተት ነው። አሁን ባለው በሳምንት 9 ሰዓት ሕክምና ላይ የግል ምክር ጨምረን እንያዘው ወይስ በሳምንት 20 ሰዓት ወዳለው የቀን ሕክምና እናሳድገው? ድብርቱን ብቻ ለሌላ ክሊኒክ መላክ አልፈልግም፤ ሁለቱ ሕክምና ሲነጣጠል ታካሚው መሀል ላይ ይቀራል። እናንተ በምን ምልክት ትወስናላችሁ?