ለኢትዮሳት 43 ኢንች፦ ስማርት ቲቪ፣ ተራ ፍላት ወይስ የኮምፒውተር ሞኒተር?

ጉርድ_ሾላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ላለ ቤት 43 ኢንች ስክሪን ይፈለጋል። ዋና ሥራው ኢትዮሳትን በሪሲቨር ማሳየት ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በስልክ ሆትስፖት ዩቲዩብ። ዋይፋይ የለም፣ መብራትም ይቆራረጣል። ስማርቱ ይሰልላል፣ ቶሎም ያረጃል ይባላል። ታዲያ ተራ ፍላት ወይም ሞኒተር አይሻልም? ሞኒተር ከሪሲቨር ጋር ይሠራል ወይ?

አንቴና57፦
ሞኒተሩን ተወው። ሪሲቨሮች ብዙ ጊዜ ምስል የሚያወጡት በ1080አይ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚታደስ የምስል ፎርማት) ነው፤ ብዙ የኮምፒውተር ሞኒተር ደግሞ ይህን አይቀበልም። ወይ ይጠቁራል፣ ወይ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ይልሃል። መፍትሔው የሪሲቨሩን የቪዲዮ ሴቲንግ ወደ 720ፒ 60 መቀየር ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ሜኑው ካልታየህ በቀይ፣ ነጭና ቢጫው ገመድ ከሌላ ቲቪ ጋር አገናኝተህ ቀይረው። አንዳንድ ሪሞት ላይ «ቪ-ፎርማት» የሚል ቁልፍ ስላለ እሱን እየደጋገምክ መጫንም ይሠራል።

ግን ቢሠራም አያምርም። ስርጭቱ በሴኮንድ 50 ሆኖ ስክሪኑ 60 ስለሚያሳይ፣ ከሥር የሚሮጠው የዜና ጽሑፍና የኳስ ጨዋታ ይንገጫገጫል። የድምፅ ችግርም አለ፦ አብዛኛው ሞኒተር ስፒከር የለውም፣ ካለውም ለጆሮ አይበቃም። ከሪሲቨሩ ኤቪ ቀዳዳ ወደ አምፕሊፋየር ትስባለህ። ትንንሾቹ ሪሲቨሮች ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር መስመር ያለበት ገመድ ነው የሚፈልጉት፤ የተለመደው ባለ ሁለት መስመር የኦዲዮ ገመድ በትክክል አይገጥምም።

ባለብየዳው፦
እኔ ተራውን ፍላት እመርጣለሁ። መብራት ሲመጣ በጥቂት ሴኮንድ ይነሳል፤ ርካሹ ስማርት እስኪነሳ አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ትልቁ ችግር ግን አፕዴት እያደረገ መብራት ሲሄድበት ነው፦ ሎጎው ላይ ቆሞ ይቀራል። ያኔ ሶፍትዌሩ እንደገና ካልተጫነ፣ ሜሞሪው ከተጎዳም ካልተቀየረ አይነሳም። ተራው ላይ ይህ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል።

ተራ ስትገዛ ካርቶኑን አትመን። በ32 ኢንች ብዙዎቹ «ኤችዲ» የሚሏቸው 1366 በ768 ናቸው፤ 43ቱን 1920 በ1080 መሆኑን በሞዴል ቁጥሩ አረጋግጥ። ቤት እንደገባ ባክላይቱን (ከስክሪኑ ጀርባ የሚበራውን መብራት) ከ100 ወደ 50 ወይም 60 አውርደው። ርካሽ ቲቪ ላይ ቶሎ የሚሞተው የባክላይቱ ኤልኢዲ ስትሪፕ ነው፣ የሚገድለውም ሙቀት ነው። አንድ ቀን ድምፅ ኖሮ ምስል ከጠፋ በጨለማ የስልክ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አብራ፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ካየህ ፓኔሉ ደህና ነው፣ የሄደው ባክላይቱ ነው፣ ይጠገናል። ስማርትም ሆነ ተራ፣ ዲቫይደር ብቻውን አይከላከልም፤ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር አስገባ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ተራ ቲቪ አሁን የሚሠራው በርካሽ ፓኔል ነው፤ ጥሩ ምስል የሚገኘው ስማርቱ ላይ ነው። ዋጋው የወረደውም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ኩባንያው ከማስታወቂያና ከመረጃ ስለሚያተርፍ ነው። ቪዚዮ የሚባለው የቲቪ ኩባንያ የቲቪዎቹ ባለቤቶች ሳይፈቅዱ የሚያዩትን ሲሰበስብ ተደርሶበት እ.ኤ.አ. በ2017 ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንና ከኒው ጀርዚ ግዛት ጋር 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማምቷል፤ ጉዳዩ 11 ሚሊዮን ቲቪ ይመለከት ነበር። ኤሲአር የሚባለው ይህ ነገር ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ስለሚለይ በኤችዲኤምአይ የገባውን የሪሲቨር ምስልም ያያል።

ነገር ግን ኢንተርኔት ያላገኘ ቲቪ ያየውን ለማንም አይነግርም። ስለዚህ ስማርቱን ግዛና አታገናኘው፦ መጀመሪያ ሲከፈት የኔትወርኩን ገጽ «ስኪፕ» በል፤ ጎግል ቲቪ ከሆነ «ቤዚክ ቲቪ» የሚለውን ምረጥ። ቀድሞ ተገናኝቶ ከነበረ ፋክተሪ ሪሴት አድርገው፤ ሳምሰንግ ፒን ቢጠይቅ የፋብሪካው 0000 ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ቲቪ ልላክልህ ካለህ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ መጀመሪያ ፎቶ ያንሳልህ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ይቅር፤ 100–240 ማለት አለበት። አንዳንዱ በ50 ኸርዝ የሚመጣ ምስልም አይቀበልም፣ ከላይ ሞኒተሩ ላይ የተባለው ችግር ይደርስበታል።

ጉርድ_ሾላ፦
እናመሰግናለን። ዩቲዩቡስ? ሆትስፖት ከከፈትኩለት ያው ተገናኘ ማለት አይደል?

ራውተር_በር፦
ነው። ሆትስፖት ከሰጠኸው ከመክፈትህ በፊት ሁለት ነገር አጥፋ። አንደኛ አውቶ አፕዴት፤ አንዱ አፕዴት ከአንድ ጊጋ ሊያልፍ ስለሚችል ፓኬጅህን ሳታውቀው ይበላዋል። ሁለተኛ ኤሲአሩን፦ ሳምሰንግ ላይ ከፕራይቬሲ ምርጫዎች ውስጥ «ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ»፣ ኤልጂ ላይ «ላይቭ ፕላስ» ይባላል። ቪዲዮውንም ጥራቱን በእጅህ ወደ 480 አውርደው፤ በ1080 ሲሆን በሰዓት ከ1.5 እስከ 3 ጊጋ ይሄዳል። ቲቪው ሆትስፖቱን አላየውም ካለ ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ እየለቀቀ ይሆናል፣ ወደ 2.4 መልሰው።

ስም የሌለው ርካሽ የአንድሮይድ ቦክስ ግን እንዳትገዛ። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ላይ ያስጠነቀቀበት ባድቦክስ 2.0 የሚባለው ቫይረስ በእንዲህ ያሉ ቦክሶች ውስጥ ከሽያጭ በፊት ተጭኖ ሊመጣ የሚችል ነው። ከስለላው ሸሽተህ ወደ ባሰው ትገባለህ።

ስልኩን በገመድ ማገናኘትም ይታሰባል፣ ግን ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ገመድ የሚሠራው ምስል ማውጣት በሚችል ስልክ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ርካሽ ስልኮች አይችሉም። ለገመዱ ከመክፈልህ በፊት እዚያው ሱቁ ላይ ስካና እይ። ያለዚያ ቪዲዮውን በፍላሽ አስገባው፦ ኤች.264 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ የተሠራ ኤምፒ4 ይሁን። ኤች.265 ከሆነ ተራው ቲቪ ላይ ድምፁ ብቻ ሊሰማ ይችላል። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።