ተመልሼ 10 ዓመት አለፈኝ፤ የባሰበት ሀገሩ ነው ወይስ እኔ?

የካዛንቺሱ፦

ሰላም ሰፈርተኞች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

17 ዓመት ዲሲ አካባቢ ኖሬ ነሐሴ 2007 ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ጠቅልዬ ገባሁ። በወረቀት የውጭ ዜጋ ነኝ። ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለ። ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ እንደ ባዕድ ፎርም ስሞላ መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። አሁን አሁን አያስቀኝም።

የገባን ሰሞን ሁሉም ነገር ወደ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። መስከረም 2008 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ልጆቼን ይዤ ከስታዲየም እስከ ቃሊቲ ሄጄ ተመለስኩ። ለጉዳይ አይደለም፣ ለመሳፈር ብቻ። ዛሬ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል፣ ልጆቼም ትራንስፖርት ሲሉ የሚያውቁት የታክሲ ሰልፍ ነው።

ደሞዜ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ነበር፣ ዛሬ ባንክ ላይ ከ150 በላይ ነው። ያኔ 60 ሺህ ብር ማለት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፣ አሁን 400 አይሞላም። ደሞዝ ተጨምሮልኛል፣ ግን ጭማሪው ዋጋውን ከኋላ እያነከሰ ነው የሚከተለው። የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ባላነሳው ይሻላል። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ አንድ ወር ይገኛል፣ ሌላ ወር አምስት ፋርማሲ ያዞራል።

እሱ ሁሉ ሆኖ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። የመጣሁት ለካዛንቺስ ነበር። (ስሙ ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፣ እኛ ግን የእኛ ካደረግነው ቆይቷል።) 2017 መግቢያ ላይ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። እኔ ተከራይ ስለነበርኩ ዕቃዬን ጭኜ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ጎረቤቶቼ ግን ተበተኑ፣ ብዙዎቹ ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ሄዱ። በዱቤ የሚሰጠኝ ባለሱቅ፣ ጫማዬን እየጠረገ የኳስ ውጤት የሚነግረኝ ሊስትሮ፣ ሸራ ወጥራ ቡና የምታፈላው ሴትዮ፣ «ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም» ብላ ሁለተኛውን ስኒ ያለ ሂሳብ የምትቀዳልኝ፣ ሁሉም የሉም። መንገዱ አምሯል። እውነቱን ካወራን በጣም አምሯል። ማታ ማታ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ እሄዳለሁ፣ መብራቱ ቦግ ያለ ነው፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። አንድም የማውቀው ሰው አላገኝም። አሜሪካን ጥዬ የወጣሁት እኮ በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን ባለቤቴ «እንመለስ» ማለት ጀምራለች። ኪራዩን በየዓመቱ ነው የምናድሰው፣ ዘንድሮ አከራዬ ከመጋቢት ጀምሮ በግማሽ ጨምሩ ብሎናል፣ እና ውሳኔው እዚያ ላይ ሊወድቅ ነው። እናንተ ተመልሳችሁ የምትኖሩ፣ ነገሩ እውነት ከፍቷል ወይስ እኔ 50 ስለሞላኝ ነው? ወደ ውጭ የተመለሰስ አለ?

ደሞዝተኛው፦

ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። እኔ ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አንተ ከፋ ስትል ደሞዝህን በዶላር አካፍለህ ነው። እኔ የማካፍለው በጤፍ ነው። ቤታችን ኩንታል ይገባ ነበር፣ አሁን በኪሎ ነው የምንገዛው፣ ባለወፍጮውም ለመደው፣ «ስንት ኪሎ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። መስከረም 2018 የዲግሪ ጀማሪ ደሞዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ሲል ቢሯችን እልልታ ነበር። ጭማሪው ባንክ ሳይገባ አከራዮች ሰምተውት አደሩ። መብራትም በየሦስት ወሩ ታሪፉ ከፍ ይላል።

ልዩነታችን አንድ ነው። አንተ ሲመርህ «እንመለስ» የምትልበት ቦታ አለህ። እኔ ሲመረኝ ውሃ ጠጥቼ እተኛለሁ፣ እሱም በፈረቃ ከመጣ።

ግን ክፉ አይደለሁም፣ አንድ ነገር ልንገርህ። በየዓመቱ የምታድሰው ለምንድነው? በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባሳወቀው ልክ ብቻ ነው። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። አከራይህ በግማሽ ጨምር ሲልህ «ውሉን እናስመዝግብ» በለው፣ ከዚያ ፊቱን እየው። እርግጥ ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ጽፎ በእጅ ሌላ ይከፍላል፣ ይገባኛል። አንተ ግን ኪራይ ጨመረብኝ ብለህ ውቅያኖስ ከማቋረጥህ በፊት ወረዳ ድረስ በእግርህ ሞክር።

ጋሽ ፒያሳ፦

ልጄ፣ እኔ የገባሁት በ1996 ነው። ዶላር 8 ብር ከምናምን ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ የ97 ምርጫ መጣ፣ አብረውኝ ከገቡት ግማሾቹ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ተመለሱ። ከዚያ የ2009 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ሲወርድ ደግሞ «አለቀልን» የሚል ነበር፣ ዛሬ ያ 15 በመቶ ይናፍቀኛል። ኅዳር 2014 ኤምባሲዎቹ ዜጎቻችሁ ውጡ ብለው ሲያስጠነቅቁ እኔም የአሜሪካ ዜጋ ስለሆንኩ መልእክቱ ስልኬ ላይ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ዲያስፖራው ለገና ይግባ ተብሎ ቦሌ በአበባ ይቀበሉ ነበር። እና እኔ «አሁንስ ባሰ» የሚለውን ቃል ከዓመት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ራሴም ብያለሁ።

ስለዚህ በኑሮ ውድነት አልመዝነውም። እኔ የምመዝነው በመንገድ ነው። ድሮ ለጥምቀት በመኪናዬ ነበር ጎንደር የምሄደው። ጎሐ ጽዮን ቁርስ በልቼ፣ ዓባይ በረሃን ቀስ ብዬ ወርጄ፣ ደጀን ላይ ሻይ፣ ባሕር ዳር አድሬ። መኪናው ቢበላሽ ገበሬ ነበር በሬ ይዞ የሚጎትትልኝ። አሁን ልጆቼ ያን መንገድ በመኪና እሄዳለሁ ብላቸው ቁልፌን ይደብቃሉ። የሚታገት ሰው ወሬ ሰምተን ሰምተን፣ ክፍለ ሀገር ዘመድ ሲሞት እንኳ ለቀብር ትኬት እናያለን፣ ትኬቱ ከሌለ በስልክ እናለቅሳለን። ሀገሬ ጠብባ ጠብባ አዲስ አበባና ኤርፖርቱ ሆናለች። ከፋ የምለው ይሄንን ነው። ሌላውን እለምደዋለሁ።

የእኔም ሰፈር ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያ የለም። የዓድዋ መታሰቢያ ሲከፈት ግን የልጅ ልጄን ይዤ ገብቼ አለቀስኩ፣ በደስታ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ሆኑብኝ፣ በ2016። እንዴት አድርጌ እንደምደምራቸው እስካሁን አላውቅም።

የፈረንጅ ሚስት፦

ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፣ እዚህ 12 ዓመቱ። ጥያቄውን አነበብኩለት። «ተሻሽሏል እንጂ!» አለ። ድሮ አራት ኪሎ በእግሩ ሲሄድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባ ነበር፣ አሁን ይሮጣል። ድሮ ጥሬ ብር ተሸክሞ ይዞር ነበር፣ አሁን ለቲማቲም ሻጯም በቴሌብር ይከፍላል። የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፣ የነዳጅ ሰልፍ አያውቅም። የመኖሪያ ፈቃዱን በየዓመቱ ሲያድስ ብቻ ነው የሚነጫነጨው።

እናቴ አጠገባችን ምስር ትለቅማለች። ቀና ሳትል «እሱ የሚኖረው በዩሮ ነው» አለች። በቃ ይሄን ላካፍል ብዬ ነው የገባሁት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

የተመለሰ አለ ወይ ላልከው፣ አለሁ። ስድስት ዓመት ቦሌ ኖረን ከልጆቼ ጋር ተመለስን። ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ።

አሜሪካ ቦታህን አትጠብቅልህም። ስድስት ዓመት ስጠፋ ክሬዲቴ (የብድር ታሪኬ) ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ፣ እንደ አዲስ መጤ። አፓርታማ ለመከራየት የኪራዩን ሦስት እጥፍ ገቢ አሳዪ ተባልኩ፣ ሥራ ሳልይዝ ከየት አምጥቼ? እህቴ ፈረመችልኝ። በሪዙሜዬ ላይ የአዲስ አበባው ሥራ እንደ ክፍተት ነው የተቆጠረው፣ እዚያ ሃያ ሰው አስተዳድሬ እዚህ ከታች ጀመርኩ። የጤና ኢንሹራንስ እስኪያያዝ ልጄ ክንዱን ሰበረ። ቢሉን ክፈል ብዬ ለጠላቴም አልልክም።

እዚህም «ድሮ ይሻል ነበር» ነው ወሬው። ወንድሜ ኡበር ይነዳል፣ በ2025 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ለ43 ቀን ሲዘጋ ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ የሚያደርሳቸው ሰዎች ቤታቸው ተቀመጡ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተኝቶ ዋለ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ወደ ውጭ በካሽ በሚላክ ብር ላይ 1 በመቶ ታክስ መጥቷል። (ከባንክ አካውንት ወይም በዴቢት ካርድ ከላካችሁ የለም፣ ለምታውቁት ሰው ንገሩ፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ እየከፈለ ነው።)

አዲስ አበባ የናፈቀኝን ብነግርህ ትስቃለህ። ጎረቤት ሳያንኳኳ መግባቱ ነው። ያኔ ያናድደኝ ነበር፣ ፒጃማ ለብሼ ይገቡብኛል እያልኩ ለባሌ አማርር ነበር። እዚህ ሦስት ዓመት በአንድ ፎቅ ኖረን የጎረቤቴን ስም አላውቀውም።

አትመለስ አልልህም። ልጆችህ ኮሌጅ ሊገቡ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው። ግን ካዛንቺስን ፍለጋ ከሆነ እዚህ የለም።

ደሞዝተኛው፦

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ገደለችኝ።

የካዛንቺሱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደሞዝተኛው፣ አልተቀየምኩም፣ የሚገባኝን ነው የተናገርከው። ትናንት አከራዬን «ውሉን እናስመዝግብ» አልኩት። «አንተ ደግሞ ዲያስፖራ ሆነህ ሕግ ትጠቅሳለህ?» አለኝ። ከዚያ ዝም አልን። ከዚያ ጭማሪውን ወደ ሩብ አወረደው። ገና እየተነጋገርን ነው።

ጋሽ ፒያሳ፣ ስለ መንገዱ ያሉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ የደሴ ልጅ ናት። ምንም አላለችም፣ ተነስታ ሻይ ጣደች።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የክሬዲቱን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ልጆቹ ትልቁ 17 ነው፣ ለእሱ ብቻ ሳስብ ልቤ ይከፈላል፣ ምናልባት እሱ አክስቱ ጋ ይሄድና እኛ እንቀራለን። እሱን ስንጠይቀው ደግሞ «እኔን ምክንያት አታድርጉኝ» አለን። እንግዲህ አድጓል ማለት ነው።

ብሎክ 14፦

የካዛንቺሱ፣ እኔም የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ አሁን ገላን ጉራ ነን። ያልካት ቡና የምታፈላዋ፣ ከቶታሉ ጀርባ ሸራ የነበራት፣ ግራ እጇ ላይ የብር አምባር ያላት ከሆነች እዚህ ነች። ፎቃችን ሥር ነው የምታፈላው፣ ጠዋት ሳይሆን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ታክሲ ፍለጋ ስለሚሮጥ ቡና የሚጠጣላት የለም። መጀመሪያ ላይ ገበያው ጠፍቶባት ልታቆም ነበር። አሁን ደህና ነው። ስለ አንተ ነግሬያት «ያ ፊቱን የሚያጠቁረው ዲያስፖራ?» አለች።

የካዛንቺሱ፦

እሷ ነች! ቅዳሜ እመጣለሁ። ከመገናኛ ነው ከቃሊቲ ታክሲ የሚሻለው?

ብሎክ 14፦

አቅጣጫውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፣ ሁለት ታክሲ ነው። ስኳር ይዘህ ና።