ወንድሜ ታሞ ሳለ ሰው ጎድቶ ታስሯል፤ ፍርድ ቤት ሕመሙን እንዴት ያየዋል?

ጥያቄ፦ እህቱ፣ ከሐይቅ አካባቢ
ሰላም ለሁላችሁ ወገኖቼ። ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም ካደረበት ዓመታት አልፈዋል። ደሴ እየተመላለሰ ይታከም ነበር፤ መርፌውን በጊዜው ሲወስድ አርሶ የሚገባ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ የሚኖር ልጅ ነው። በዚህ ክረምት ግን መድኃኒቱን አቋረጠ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችንን «ሌሊት ሌሊት በጣሪያው ላይ እየመጣህ ትሰልለኛለህ» ብሎ በዱላ መትቶ ክንዱን ሰበረው። አሁን ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የጊዜ ቀጠሮ ተጠይቆበታል። ቃሉን ሲሰጥ «አዎ መታሁት» ብሎ ፈርሟል። አንዳንዱ «በሽተኛ መሆኑን ሲያዩ ራሳቸው ይለቁታል፣ ዝም በሉ» ይለናል፤ ሌላው ደግሞ «ሕመሙን ካነሳችሁ ዕድሜ ልኩን ይዘጉበታል» ይላል። እናታችን በጭንቀት አልጋ ይዛለች። የምታውቁ ንገሩን።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ከደሴ
እህቴ፣ አይዟችሁ። ዝም በሉ የሚላችሁን ግን አትስሙ። ሕመሙን ነግሮ የሚያስመዘግብለት ቤተሰብ የሌለው ሰው እንደማንኛውም ተከሳሽ ተቆጥሮ ሲፈረድበት አይቻለሁ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ውጤት መረዳት፣ ወይም በዚያ መሠረት ራሱን መቆጣጠር ይችል ነበር ወይ? በሕመም ምክንያት ፈጽሞ የማይችል ከነበረ አይቀጣም። ችሎታው በከፊል ብቻ ከተጓደለ አንቀጽ 49 ቅጣቱን ያቀልለታል እንጂ ነፃ አያወጣውም። ስለዚህ «ታማሚ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሕመሙ በዚያች ሰዓት ምን አድርጎት እንደነበር መታወቅ አለበት።

ይህን የሚያጣራው ባለሙያ ነው። በአንቀጽ 51 መሠረት ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ምልክት ካሳየ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ ማግኘት አለበት። እናንተ ሳትዘገዩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የሕክምና ካርዱን፣ የመድኃኒት ማዘዣዎቹን፣ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ አያይዙ። ለመርማሪውም፣ ለዐቃቤ ሕጉም፣ ለችሎቱም ቅጂ ስጡ። ያ የጣሪያው ነገር ትልቅ ማስረጃ ነው፤ የሰሙት ጎረቤቶች ለምስክርነት ይመዝገቡ።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ከኮምቦልቻ
ከሕጉ በፊት መድኃኒቱ ይቅደም። ጣቢያ ውስጥ ያለ ሕክምና በቆየ ቁጥር ይብስበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሐኪሙ እንዲጎበኘው ይፈቅዳል፤ ካርዱን ይዛችሁ ለጣቢያው ኃላፊ ሕክምና እንዲያገኝ ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አሮጌ ክኒን ቤት ውስጥ ፈልጋችሁ አትስጡት፤ ካቋረጠ በኋላ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ለመርማሪው ሐኪም ሁሉንም እውነት ንገሩት፦ መቼ እንዳቋረጠ፣ እንቅልፍ ማጣት መቼ እንደጀመረው፣ ጫት ወይም አረቄ ይወስድ እንደነበር ጭምር። አንዳንድ ቤተሰብ «ይጎዳዋል» ብሎ ጫቱን ይደብቃል። ቆይቶ ሲታወቅ የቀረው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል።

መልስ፦ ታላቅ ወንድም፣ ከወልዲያ
እኛም በዚህ አልፈናል። የማልረሳው የክሱ ቀን ነው። ወንድሜ መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠው ነበር፤ አፉ ደርቆ ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል። ዳኛው ክሱን አንብበው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ሲሉት «አዎ»፤ «የተነበበልህ ገብቶሃል?» ሲሉት «አዎ»። ከዚያ አንዱ ዳኛ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብለው ጠየቁት። አሁንም «አዎ» አለ። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወደ እኛ ዞሩና «ቤተሰብ አለ?» አሉ። አላህ ይስጣቸው፣ የምርመራው ትእዛዝ የወጣው ያን ዕለት ነው። ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ በእምነት ቃሉ ብቻ ሊፈረድበት ይችል ነበር። ሁሉም ዳኛ እንዲህ ይጠይቃል ብላችሁ አትቀመጡ። ክሱ ከመነበቡ በፊት አጠገቡ የሚቆም ጠበቃ ይኑረው።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ከደሴ
ወንድማችን የተናገረው እጅግ አስፈላጊ ነው። ተከሳሽ ጥፋቱን ካመነ ፍርድ ቤቱ ሌላ ማስረጃ ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። አቅም ከሌላችሁ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መሠረት መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልን ብላችሁ በችሎት አሳስቡ።

መልስ፦ አባት፣ ከኩታበር
ልጄ፣ የተመታውን ሰው አትርሱት። ክንዱ የተሰበረ ገበሬ በዚህ ወቅት ምን እንደሚሆን አስቢ። ሽማግሌ ልካችሁ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት፣ የሕክምና ወጪውን ሸፍኑለት፣ አዝመራውን የሚሰበስብ ሰው ፈልጉለት። የሚያስፈራው ነገር አለ፤ ልጁ ከተፈታ መልሶ ቢመታውስ? እርሱንም ሰምታችሁ መልስ ስጡት። ከሁለቱም እምነት ሽማግሌ ቢኖርበት መልካም ነው፤ እኛ ወሎዎች እንዲህ ነው የምንታረቀው።

ጥያቄ፦ እህቱ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽማግሌ ነገ ይሄዳል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ከታረቅን ክሱ ይቀራል? «ዕድሜ ልክ ይዘጉበታል» የሚለውስ?

መልስ፦ ጠበቃ፣ ከደሴ
ጉዳቱ ከባድ ነው ተብሎ ከተከሰሰ እርቁ ክሱን አያስቀረውም። ይሁን እንጂ መካሳችሁ ቅጣት ለማቅለል ይረዳል፤ ዋስትና ስትጠይቁም «መድኃኒቱን የምከታተል እኔ ነኝ» የሚል የታወቀ ሰው ካቀረባችሁ ክብደት አለው። ካሳውን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታማሚ መሆንን ከካሳ ነፃ መውጫ አያደርገውም፤ ዳኛው ግን ሁኔታውን አይቶ ሊቀንሰው ይችላል።

ሁለተኛው ስጋትሽ ከባዶ የመጣ ነው አልልም። ኃላፊነት የለበትም ቢባልም ፍርድ ቤቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 129 እና በሚከተሉት መሠረት እንዲታከም፣ ለሰው የሚያሰጋ ከሆነም በተገቢ ተቋም እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ በጊዜ አይገደብም። ነገር ግን ውሳኔው በየ2 ዓመቱ በፍርድ ቤቱ እንደገና መታየት አለበት፣ ምክንያቱ ሲወገድም ይቆማል። ቀኑን ቤተሰብ ካልያዘው የሚያስታውስ ላይኖር ስለሚችል፣ ትእዛዙ በወጣ ዕለት ግልባጩን ውሰዱና አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይያዝ። ደግሞም መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድና ቤተሰቡ የሚከታተለው ሰው ከሆነ፣ ከመዝጋት ይልቅ በሕክምና ክትትል እንዲኖር ለመጠየቅ በቂ መከራከሪያ አላችሁ። ማመልከቻውን ስትጽፉ ይህንንም ጨምሩበት።