የአፈር ምርመራው ማመልከቻ፦ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ

ፀሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሸክላ የምንሠራበት የቀዩም የጥቁሩም ጉድጓድ አፈር ይመርመርልን። ተሰንጥቆ የተመለሰው ምጣድ አሁንም መጋዘኑ በር ላይ ተደርድሯል። ነጋዴዎቹም መደወል አልተዉም።

ምጣድ ቡድን፦ ለዚህ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ጥቁሩ ዋልካ ነው። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እሱን ስታበዙ ነው ጉድ የሚመጣው።

ጀበና ቡድን፦ ያለ ዋልካ እስቲ የጀበና አንገት ሳቢና አሳዪን።

ፀሐፊ፦ ልኩ ነው የጠፋን። ዋልካን የሚያሳብጠው ስሜክታይት የሚባለው ማዕድን ነው፤ በንጣፎቹ መሀል ውኃ ያስገባል። ካኦሊን እንደሱ አያብጥም፤ ጉጂ ያለው የቦምቦዋ ነጭ አፈር ካኦሊን ነው። የኛ ቅልቅል ከየትኛው ስንት እንዳለው ካወቅን የሸክላ ስባሪውን፣ ገሉን፣ በልኩ ፈጭተን እንዳይሰነጠቅ እንጨምራለን። ከጥቁሩ ጭቃ ላይ 10 ሴንቲ መስመር ጭሬ አደረቅሁት። 9 ሆኖ አገኘሁት።

ምጣድ ቡድን፦ እሱስ ይሁን። የማመልከቻው ሽፋን ላይ የጀበና ፎቶ ያደረገው ማን ነው?

ጀበና ቡድን፦ እኔ። ቱሪስት የሚያውቀው ጀበና ነው።

ምጣድ ቡድን፦ የመጋዘኑን ኪራይ የሚከፍለው ቱሪስት ነው እንዴ? ምጣድ ነው!

ጀበና ቡድን፦ የተሰነጠቀው ምጣድ?

ምጣድ ቡድን፦ አፍሽን ሰብስቢ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሁለቱንም አድርጓቸው በቃ።

ምጣድ ቡድን፦ የቱ ከላይ?

ጀበና ቡድን፦ ምጣድ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከታች ይሁን።

እማማ፦ እናቴ ጠይብ እየተባለች ገበያ ዳር ነበር የምትሸጠው። እናንተ ደግሞ በፎቶ ትባላላችሁ።

ጀበና ቡድን፦ ይቅርታ እማማ።

ምጣድ ቡድን፦ እኔም። ግን ከላይ ምጣድ ይሁን።

ሊቀመንበር፦ ናሙናውን ማን ያደርሳል? አደርሳለሁ ያለው ልጅ ስልኩ ከማክሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ እሳቱንም አስቡበት እንጂ። የሸክላ አፈር ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን 573 ዲግሪ ላይ ድንገት ይሰፋል፣ ሲበርድም እዚያው ላይ ድንገት ይኮማተራል። ኩበቱ ባንድ ጎን ቀድሞ ከነደደ ምጣዱ በዚያው በኩል ይሰነጠቃል። ለምን እቶን አንጠይቅም?

ምጣድ ቡድን፦ እቶን ከጠየቅን ጣሪያም ይጨመር። ባለፈው ክረምት ስንት እርጥብ ሥራ ሟሟብን።

ጀበና ቡድን፦ ጣሪያ ካለ ከፊቱ መሸጫ ይውጣለት።

ሊቀመንበር፦ ተስማምተናል?

ፀሐፊ፦ አዲሱ ረቂቅ፦ «የእቶን፣ የጣሪያና የመሸጫ ሱቅ ድጋፍ ጥያቄ»። የአፈር ምርመራው አባሪ 3 ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ ፎቶ የለም።

ጀበና ቡድን፦ ፎቶ ከሌለው ማን ያነበዋል?